አንድ ካሴት ለአንድ ስም

ጋይንት፣ አርብ ገበያ ከተማ ውስጥ ቻላቸውን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ጆሮው አይሰማም፣ ወይ ትናንት ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ቻላቸው ማሲንቆ መቺ ነው። አባቱም መቺ ነበሩ፣ የአባቱም አባት እንዲሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እሱም አያውቅ፣ የሚጠይቀውም የለ። ከአባቱ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። አባቱ ዘፍነው ሲነሡ ዘፈኑ እዚያው ጠጅ ቤት ይቀር ነበር። ቻላቸው ግን ካሴት ላይ አድርጎ ይሸጠው ነበር።

በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት፣ አንዲት ጊደር ነድቶ ደብረ ታቦር ወረደና ቴፕ ይዞ ተመለሰ። ቴፑ ሁለት ካሴት ጎን ለጎን የሚጎርስ ነው፤ እጀታው ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። ሻጩ፣ «አየህ፣ በዚህ በኩል ያለውን ወደዚያ ይገለብጥልሃል። አንድ ጊዜ ትዘፍንና መቶ አድርገህ ትሸጣለህ» ብሎ አሳየው። ቻላቸው በደንብ አየ፣ አመሰገነ፣ ቤቱ ገባና አንደኛውን አፍ በጨርቅ ደፈነው። አቧራ እንዳይገባበት። ለሱ አይሠራማ።

የማሲንቆ ወግ እንዲህ ነው፦ ሰው ይሸልማል፣ የሸለመው ሰው ስም በዘፈኑ ይነሣል። ብሩ ግንባር ላይ ሲለጠፍ ስሙ ካፍ ይወጣል። እንግዲህ ፋንቱ በገዛው ካሴት ላይ ፋንቱ ሊባል ነው፣ ቦጋለች በገዛችው ላይ ቦጋለች።

«የፋንቱን ገልብጬ ለቦጋለች ብሰጣት ቤቷ ቁጭ ብላ ፋንቱ ፋንቱ ሲል ልትሰማ ነው?» ይል ነበር ቻላቸው። «ባሏስ ምን ይላል?»



ስለዚህ አንድ ካሴት ለአንድ ስም ሆነ። ገዢው አርብ ለገበያ ሲመጣ ስሙን ይናገራል፣ በሳምንቱ አርብ ካሴቱን ይወስዳል። ቻላቸው በመሐል ያለውን ሳምንት ሙሉ ይዘፍናል፤ ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው፣ ያንኑ ዘፈን ከሀ ጀምሮ። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ጣራ ላይ ፀሐይ ያስመታዋል። ድንጋዩ ሲሞቅ እሱ ደግሞ ይበርደዋል፣ አንዳንዱ ካሴት ላይ ያስላል። የጎረቤቱ አህያ ሁለት ሦስት ካሴት ላይ ገብቷል። አንዱ ገዢ፣ «አህያው ይውጣልኝ» ብሎ ቢመጣ ቻላቸው፣ «አህያውን አላስከፈልኩህም» ብሎ መለሰው። ሰውየውም ነገሩን አሰበና ይዞት ሄደ።

ያን ጊዜ ከወገዳ በእግሩ የሚመጣ ነበር፣ ከመካነ ኢየሱስ አህያ ጭኖ የሚመጣ ነበር፣ አንድ ካሴት ብሎ። ካሴቱን በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ፣ ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ክታብ ነበር የሚይዘው። ዛሬ እንዲያ አድርጎ ዘፈን የሚይዝ ሰው አታገኝም። ቻላቸው ስንት እንደሸጠ ቆጥሮ አያውቅም። ሚስቱ ማንጠግቦሽ ግን ታውቃለች፤ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ስም። ከስሞቹ ሁሉ የሷ የለበትም።

ነገሩ ከዚህ ላይ ነው የሚጀምረው።

ማንጠግቦሽ የስማዳ ልጅ ናት፣ ከወገዳ አለፍ ብሎ። አንገቷ ዙሪያ ሦስት ረድፍ ንቅሳት አለ። ቻላቸው ወገዳ ለሠርግ ሄዶ ያንን አንገት አየና ሦስት ቀን ሳይመለስ ቀረ፤ በሦስተኛው ቀን ዘፈን ይዞ መጣ።

ድንጋዩ ቢበዛም የወገዳ መንገድ፣
አንገቷን ሳላየው እኔ ቤቴ አልሄድ።

ከዚያ፣ «ኧረ ማንጠግቦሽ፣ ኧረ ማንጠግቦሽ» እያለ አዝማቹን ይመልሳል። ዘፈኑ ይኸው ነው፤ ብዙ ነገር የለውም። ግን ያንን «ኧረ» ሲስበው የተኛ በሬ ይነሣል ይባል ነበር። እኔ በሬ ሲነሣ አላየሁም፤ ሰው ሲነሣ ግን አይቻለሁ።

በዚያው ዓመት በጥር ተጋቡ። ማንጠግቦሽ ጥሎሽ ላይ አልተከራከረችም። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችው፦ «የመጀመሪያው ካሴት የኔን ስም ይበል።»

«ይላል» አላት።

ከሠርጉ በሳምንቱ፣ ወይዘሮ ዘነበች የሚባሉ የወገዳ ጠጅ ነጋዴ ለገበያ መጡ። ዘፈኑን ጠጅ ቤታቸው ሰምተውታል። ቻላቸው ገና ሰላም ሳይላቸው ብር አውጥተው ግንባሩ ላይ ለጠፉ። እንግዲህ ግንባር ላይ ተለጥፏል፤ ምን ይደረግ? የመጀመሪያው ካሴት ዘነበች ሆነ።

«የሚቀጥለው ያንቺ ነው» አላት ቻላቸው ለማንጠግቦሽ።

የሚቀጥለው ሰውም ከፍሎ ነው የመጣ። ከሱ ቀጥሎ ያለውም። ማንጠግቦሽ አላኮረፈችም፣ አልጮኸችም። ብቻ ቻላቸው ቴፑን አውርዶ ማሲንቆውን ሲቃኝ፣ እሷ ከጓዳ ሆና ትጠይቀዋለች፦

«ዛሬ ደግሞ ማን ነኝ?»

«ዛሬ ፈትለወርቅ ነሽ።»

«ጥሩ ስም ነው» ትላለች፣ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ዘፈኑ የሷ አንገት ነው፣ የሷ አገር መንገድ ነው፣ የሌላ ሰው ስም ግን ተጠርቶ ይሄዳል። እንዲህ እየተባለ ቦጋለች ሆነች፣ ማሚቴ ሆነች፣ አንድ ጊዜ የክርስትና አባት የሆነ ሰው ለሕፃን ገዝቶ የሁለት ወር ልጅ ሆነች።

ዘጠና ሰባት፣ ዘጠና ስምንት ላይ ካሴት የሚጠይቅ ሰው እየቀነሰ መጣ። መጀመሪያ ባዶው ካሴት ከሱቅ ጠፋ። ቀጥሎ ሲዲ የሚባል መስታወት መሳይ ነገር መጣ። ቀጥሎ ስልክ መጣና ዘፈን እንደ ጉንፋን ካንዱ ወደ ሌላው በአየር መተላለፍ ጀመረ። ቴፑ ከመደቡ ሥር ወረደ። ዶሮ በተደፈነው አፍ በኩል ያለውን ጨርቅ ጎትታ አወጣችና እዚያው አጠገቡ እንቁላል ጣለች። ቻላቸው ወደ ሠርግ ብቻ ተመለሰ፣ እንደ አባቱ። ሠርግ ደግሞ በጥርና በሚያዝያ ነው፤ የቀረውን ወር ሰው በእርሻው፣ እሱ በትዝታው ይቀመጣል። ያ «ዛሬ ደግሞ ማን ነኝ?» የሚለው ጥያቄ ግን አልቀረም። ጎረቤት ደጃፍ ተጫውቶ ሲመጣ እንኳ ትጠይቀዋለች።

በሁለት ሺህ ሰባት፣ በኅዳር፣ እሌኒ የምትባል የሰፈሩ ልጅ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ከፈተች። ደብረ ታቦር ተምራ ላፕቶፕ ይዛ የመጣች ናት። ፎቶ ኮፒ ታነሣለች፣ ስልክ ቻርጅ ታደርጋለች፣ ሚሞሪ ላይ ዘፈን ትጭናለች። አንድ አርብ ቻላቸውን ሲያልፍ ጠራችው።

«ጋሽ ቻላቸው፣ ያ ቴፕዎ ምን ደረሰ?»

«ዶሮ ታቀፈችበት።»

«እኔ ኢንተርኔት ላይ ልጫንልዎት? ዩቲዩብ ላይ።»

«ስንት ጊዜ ነው የምዘፍነው?»

«አንድ ጊዜ።»

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም። አዲስ አበባ ያለው፣ ጅዳ ያለው፣ ቤሩት ያለው፣ ያንኑ ነው የሚሰማ። ሲወዱዎት ለሠርግ ይጠሩዎታል።»

ቻላቸው ቆመ። «የማንን ስም ብዬ ነው ታዲያ?»

እሌኒ የስልክ ገመድ እየፈታች ነበር። ቀና ሳትል፣ «የፈለጉትን» አለችው።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም። ቻላቸው ማሽላ ሊገዛ ነበር የወጣው፤ ሳይገዛ ቤቱ ተመለሰ።

«ማንጠግቦሽ» አላት፣ «አንድ ጊዜ ብቻ የሚዘፈን መጥቷል። ስሙ አይቀየርም። ዓለም ሁሉ የሚሰማው አንድ ስም ነው።»

«የማን?»

«ያንቺ።»

ማንጠግቦሽ በማግስቱ ጋቢውን አጠበችለት፣ ደርቆ አልደርቅ ሲላት እሳት ዳር ይዛ ቆመች። ያን ቀን ያያት ሰው ምን እንደጠበቀች ያውቃል።

ቀረጻው ቅዳሜ ሆነ። የእሌኒ ሱቅ ከሁለት ሜትር አትበልጥም። እሌኒ ስልኳን በስኳር ከረጢት ላይ አቆመች፣ በሩን ገርበብ አደረገች፣ «ጋሽ ቻላቸው፣ ይጀምሩ» አለች።

ቻላቸው ስልኩን አየው። ስልኩ አያጨበጭብ፣ አይስቅ፣ ጠጅ አይጠጣ። ሲዘፍን ዐይኑን ይጨፍናል፣ ልማዱ ነው፤ ጨፈነ። የወገዳን መንገድ ጀመረ። አንገቷን ሳላየው አለ። ድምፁ እንደ ድሮው መጣለት፣ እንዲያውም ከድሮው የበሰለ ነበር።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ። የገባው በላይነህ ነው፤ የቆዳ ነጋዴው፣ ቻርጅ ያስገባውን ስልክ ሊወስድ። በላይነህ አንገቱ ከጭንቅላቱ እኩል የሆነ፣ ደስ ሲለው ዝም ማለት የማይችል ሰው ነው። ዘፈኑን ሰማ፣ የልጅነት ጊዜው መጣበት፣ ዐሥር ብር አወጣ፣ በምላሱ አረጠበና ቻላቸው ግንባር ላይ ለጠፈ።

ቻላቸው ይህን ሁሉ አላየም። ግንባሩ ግን ብሩን አወቀ፣ ጆሮውም የበላይነህን ሳል አወቀ። አፉ የቀረውን ሠራ።

እሌኒ ከተማ የተማረች ናት፤ የተባለው ስም ለምን እንደተባለ የምታውቀው ነገር የለም። ቻላቸው ደግሞ ጨርሶ ዐይኑን ሲገልጥ በላይነህ ሲያጨበጭብ አየና ደስ አለው። መብራት ሄደ። የስልኩም ባትሪ በዚያው አለቀ፤ ደግሞ መስማት አልተቻለም። እሌኒ ሰኞ ደብረ ታቦር ወርዳ፣ ደኅና ኔትወርክ ባለበት፣ ዘፈኑን ጫነችው፤ ሱቁ ጨለማ ስለነበር ድምፁን ብቻ፣ ከላዩ የማሲንቆ ሥዕል አድርጋ። «ለሠርግ ለመጥራት» ብላ ከሥሩ ስልክ ቁጥር ጻፈች። ቻላቸው ስልክ ስለሌለው የበላይነህን ቁጥር ነው የሰጣት።

በሳምንቱ አርብ ቻላቸው ማንጠግቦሽን ይዞ ሱቋ ሄደ። ማንጠግቦሽ የዓመት በዓል ቀሚሷን ለብሳለች። እሌኒ ስልኩን ከፈተችላት። የወገዳ መንገድ መጣ። አንገቷን ሳላየው መጣ። ማንጠግቦሽ እጇን አንገቷ ላይ አደረገች። ቀጥሎ ስልኩ፣

«ኧረ በላይነህ፣ ኧረ በላይነህ» አለ።

ዐሥራ ሁለት ጊዜ አለ። ቻላቸው ወለሉን ያይ ነበር፤ ወለሉ ላይ አንዲት የባትሪ ክዳን ወድቃለች፣ ሲያያት ቆየ። ዘፈኑ አለቀ።

«ዛሬ ደግሞ በላይነህ ነኝ» አለች ማንጠግቦሽ። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ቻላቸው እሌኒን፣ «ይውረድልኝ» አላት።

«ጋሽ ቻላቸው፣ አራት ሺህ ሰው አይቶታል።»

«አራት ሺህ?»

«በአንድ ሳምንት። ይዩት፣ ከጅዳ የጋይንት ልጆች 'አገሬ ትዝ አለኝ' እያሉ ጽፈዋል። ቢያወርዱት ያዝናሉ።»

ቻላቸው አራት ሺህን ማንጠግቦሽ በቆጠረችው ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ለማካፈል ሞከረና ተወው። አላወረደውም። ያን ምሽት እራቱን ብቻውን በላ፤ ማንጠግቦሽ ቁጭ ብላለች፣ አጠገቡ፣ ግን ብቻውን ነው የበላ።

ታኅሣሥ ሲገባ ሠላሳ ሺህ ደረሰ። የሚሰማው ሰው ሁሉ ዘፋኙ የገዛ ስሙን የሚጠራ መሰለው። የበላይነህ ስልክ ይጮህ ጀመር።

«ሃሎ፣ ዘፋኙ በላይነህ ነህ?»

«በላይነህ ነኝ» ይላል በላይነህ። ሐሰት አልተናገረም። ዘፋኝ ስለሚለው ቃል አልጠየቁትም፣ እሱም አላነሣው። በሁለተኛው ሳምንት ኮፍያ ገዛ።

ለጥር የመጀመሪያው ጥሪ ከእስቴ መጣ፣ ከመካነ ኢየሱስ፤ አቶ ይስሐቅ የሚባሉ ሰው ልጃቸውን ሊድሩ ነው። በላይነህ ለቻላቸው፣ «ቻሌ፣ አንተ ትዘፍናለህ፣ እኔ አብሬህ እሆናለሁ። ሰውዬው ስሜን ለምደውታል» አለው።

«እኔም እሄዳለሁ» አለች ማንጠግቦሽ። «ስሙ ነው እንጂ የሱ፣ አንገቱ የኔ ነው።»

በደብረ ታቦር ዞረው፣ በአውቶቡስ፣ ሦስቱም ሄዱ። ዳሱ በር ላይ አቶ ይስሐቅ በላይነህን አቅፈው ሳሙት። ኮፍያውን አዩ፣ አንገቱን አዩ፣ «እንዳሰብኩህ ነህ» አሉት። ከፊት አስቀመጡት፣ ጥሬ ሥጋ ቀረበለት። በላይነህን፣ «ያንተ ሰው እዚያ ይቀመጥ» ብለው ቻላቸውን ከዳሱ ምሰሶ ሥር አደረጉት።

ቻላቸው ከምሰሶው ሥር ሆኖ ዘፈነ። ሰው ተነሣ። «ኧረ በላይነህ» ሲል ሰው ብሩን እያረጠበ ሄዶ በላይነህ ግንባር ላይ ይለጥፋል። በላይነህ ሥጋ እያኘከ ራሱን ይነቀንቃል። ቻላቸው እንዲህ ያለ ነገር አባቱም እንዳላዩ እርግጠኛ ነበር።

ያኔ አንዲት ሴትዮ ከዳሱ ጥግ በምርኩዝ ተነሥተው መጡ። ጥቁር ሻሽ አስረዋል። ቻላቸው እስኪቀርቡት አላወቃቸውም።

«አንተ ቻላቸው» አሉት፣ «ይህ ዘፈን የኔ አልነበረም እንዴ?»

ወይዘሮ ዘነበች ናቸው፤ የወገዳዋ ባለ ጠጅ ቤት። ልጃቸው ጋ ተጠግተው መካነ ኢየሱስ ከገቡ ሰባት ዓመታቸው ነው።

«ነበር፣ እትዬ» አለ ቻላቸው።

«ለዚህ ለቆዳ ነጋዴ ማን ሰጠው ታዲያ? ሸቶኝ ነው ያወቅሁት፣ ጠጅ ቤቴ ከገባ ሰው ይወጣ ነበር።»

በላይነህ የጎረሰውን ዋጠ። ኮፍያውን ዝቅ አደረገ።

«ካሴቴ እስካሁን አለኝ» አሉ ሴትዮዋ። «ቴፑ ነው የሞተ። ካሴቱን ሳጥኔ ውስጥ በሐር ጠቅልዬዋለሁ። አልሰማውም፤ ግን እዚያ ውስጥ ስሜን የሚጠራኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ብሎ የጠራኝ የለም።» ሻሻቸውን አስተካከሉ። «አህያም አለበት።»

«የጎረቤት ነው፣ እትዬ።»

ሴትዮዋ ዞር ሲሉ ማንጠግቦሽን አዩ። አንገቷ ላይ ዐይናቸው ቆመ። ሦስቱን ረድፍ በጣታቸው ቆጠሩት።

«ንቅሳቱ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው፣ እትዬ።»

«ስሙስ?»

«ተራው አልደረሰም።»

«ስንት ዓመት ጠበቅሽ?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

ወይዘሮ ዘነበች ምርኩዛቸውን ተደገፉ። «ተራሽን የወሰድሁ እኔ ነኛ» አሉ። «አላወቅሁም፣ ልጄ። የሚያምር ልብስ ሰው ሲሸጥልሽ ከማን ገላ እንደወለቀ አትጠይቂም።» ከዚያ ቻላቸውን በምርኩዛቸው ጠቆሙት። «አፉን አትቀየሚው። ይህ ሰው አፉ የሚታዘዝ ለግንባሩ ነው። ሸልመሽው ታውቂያለሽ?»

«ባሌን?» አለች ማንጠግቦሽ። «ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውማ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምንም አላለሽም» አሉና ወደ ጥጋቸው ተመለሱ።

አርብ ገበያ የተመለሱት ረቡዕ ነው። አርብ፣ ማንም ሳይነግራት፣ ማንጠግቦሽ ቀድማ ወጣች። ቻላቸው ማሲንቆውን ይዞ ተከተላት። እሌኒ ሱቅ ደረሱ። በላይነህ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ እሌኒ፣ «እርስዎ ዛሬ ውጭ ይሁኑ» ብላ በሩን ዘጋችበት።

ስልኩ ስኳሩ ላይ ቆመ። ቻላቸው ዐይኑን ጨፈነ። የወገዳ መንገድ፣ አንገቷን ሳላየው፣ ሁሉም በቦታው መጣ። «ኧረ…» አለ። ቆመ። አፉ ባዶ ነው። ስሙን ያውቀዋል፣ ከስሙ ጋር ነው የሚያድር፤ ግን በዘፈን ውስጥ ሊወጣ አልቻለም።

«እንደገና» አለች እሌኒ።

እንደገና «ኧረ…» አለ። ቆመ።  በሕይወቱ ሳይሸለም ስም ጠርቶ አያውቅም።

በሦስተኛው ማንጠግቦሽ ከበርጩማው ተነሣች። የመቀነቷን ጫፍ ፈታች። ዐሥር ብር አወጣች፤ አራት ቦታ የታጠፈ፣ እንቁላል እንቁላል የሚሸት። ዘረጋችው፣ በምላሷ አረጠበችው፣ ግንባሩ ላይ ለጠፈችና በመዳፏ ጫን አድርጋ ያዘችው።

ቻላቸው ዐይኑን ገለጠ። ዐይኑን ገልጦ የዘፈነው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ኧረ ማንጠግቦሽ፣ ኧረ ማንጠግቦሽ።»

ዐሥራ ሁለት ጊዜ ሊል ነበር ልማዱ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ አለ። እሌኒ ስልኩን ማቆም ረስታ አፏን ይዛ ቀረች። ውጭ በላይነህ በበሩ ቀዳዳ ሳል ሳል ይላል።

ሲያልቅ ማንጠግቦሽ ብሩን ከግንባሩ ላይ ላጠችው። አራት ቦታ አጠፈች፣ መቀነቷ ውስጥ መልሳ ቋጠረችው።

«ጨው እገዛበታለሁ» አለች።

ዘፈኑን እሌኒ በሳምንቱ ጫነችው። የበላይነህ ዘፈን ያን ጊዜ ስድሳ ሺህ አልፏል። የማንጠግቦሽ እስከ ፋሲካ ሦስት መቶ አርባ ሰው አየው። ከጅዳ አንዷ፣ «ማንጠግቦሽ ደግሞ ማናት? በላይነህ የት ሄደ?» ብላ ጻፈች። እሌኒ ለማንጠግቦሽ አነበበችላት። ማንጠግቦሽ፣ «ስሜን አስተካክላ ነው የጻፈችው?» አለች። አዎ አለቻት። በቃ ይበቃኛል ብላ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ቻላቸው ማሲንቆውን ሲያወርድ ከጓዳ የሚመጣ ጥያቄ የለም። አንድ ቀን፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ጭራውን ሲቃኝ ጠበቀ። ቃኝቶ ጨረሰ፣ ደግሞ ፈታና ቃኘው።  ያ ጥያቄ ሲያስፈራው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል፤ አሁን ጆሮው ይፈልገዋል።

«ዛሬ ደግሞ ማን ነኝ አትይም እንዴ?» አላት በመጨረሻ።

«ማን እንደሆንኩማ ተሰማ» አለች ማንጠግቦሽ ከጓዳ። «ሦስት መቶ አርባ ሰው ያውቃል።»

«እና ዛሬ ለማን ልዝፈን?»

ከጓዳ ብቅ አለች።

«ለበላይነህ ዝፈንለት» አለች። «ኮፍያውን አውልቆ አኩርፏል።»